ያልተጠየቁ ሰዎች

ሥራዬ መጠየቅ ነው። በቡታጅራና በዙሪያዋ በሚካሄዱ የጤና ጥናቶች መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ድሮ በወረቀትና በእርሳስ፣ አሁን በታብሌት። አብዛኛው የሠራሁት የአእምሮ ጤናን በሚመለከቱ ጥናቶች ላይ ነው። በቅርቡ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ መጥታ «በአእምሮ ጤና ምርምርና ሕክምና ፍትሐዊነት ሲባል ለአንቺ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። መጠየቅ እንጂ ጥያቄ መመለስ ስላልለመድኩ አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ረጅሙ መልስ ይኸው።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። አገር የሚያውቃት በገበያዋና በማረቆ በርበሬ ነው፤ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ዘንድ ግን ዝናዋ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986/87 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ የተወለደውንና የሞተውን ሁሉ መመዝገብ ጀመረ። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ሰው ስለ ጥናት ከማንም በላይ ያውቃል። አንዳንድ ቤት ደርሼ ገና ሳልቀመጥ የቤቱ እመቤት «ሞት የለም፣ ልደት አንድ፣ ልጄ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ሌላ ምን ቀረ?» ብላ ትጨርስልኛለች። ቡናውም ይቀርባል። «ደግሞ መጣችሁ?» የሚለው ቃል ሰላምታም ነው፣ ወቀሳም ነው።

የአእምሮ ጤናው ትልቅ ጥናት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። 68,378 ሰው ቤት ለቤት ተጠየቀ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ከዚያ በፊት ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከመቶ አሥር አይሞሉም ነበር። ብዙዎች ሕመሙ ከጀመራቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ከቤተሰብና ከጠበል በቀር ያያቸው አልነበረም። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው ይህ አይገርመውም።

የዚያን ዘመን የዓለም ምሁራን ብዙዎቹ በድሃ አገር ያለ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ በሀብታም አገር ካለው ይልቅ ይሻለዋል ብለው ያምኑ ነበር። ሰፊ ቤተሰብ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ማኅበረሰቡ አይጥለውም እየተባለ። የቡታጅራው ጥናት ያሳየው ሌላ ነው። ገና ሲመዘገቡ ከሦስት ሰው የሁለቱ ያህል ሕመም ፋታ የማይሰጥ ሆኖ ተገኘ። ስኪዞፍሬኒያም ሆነ ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች አሥር ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት ደግሞ ይባስ ነው። 121ዱ ሞተዋል፤ የሞቱትም ከሌላው ሕዝብ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። ራሱን ያጠፋ፣ በአደጋና በሰው እጅ የሞተ አለ። ግማሹን ያህል የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው።

ይህንን የመጨረሻ ነገር ለሰው ስነግር ብዙዎች አያምኑኝም፤ እኔ ግን እንዴት እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ተራ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎልማሳ እያሳለ ገባ። ልብሱ ቆሽሿል፣ ከራሱ ጋር ያወራል። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ገና ሲያየው «አንተ ሐሙስ ነው የምትመጣው፤ የአእምሮ ሐሙስ ነው» ብሎ መለሰው። ሰውየው ደረቱን እያሳየ «ሳል ነው፣ ሳል ነው» ይላል። ከሐሙስ በፊት አክታውን ማንም አልመረመረለትም። እንዲህ ዓይነት ሰው በሳንባ ነቀርሳ ቢሞት መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ካርድ ክፍሉ በር ላይ የተባለው ነገር የትም አይጻፍም።

ቁጥሮቹን ያገኙ ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ልነቅፋቸው አይደለም የምጽፈው። እንዲያውም እነዚያ ቁጥሮች ባይኖሩ በገጠር የአእምሮ ሕመምተኛ በፍቅር ተከቦ ይኖራል የሚለው ተረት እስከ ዛሬ ይነገር ነበር። ነገር ግን መጠይቅ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው የሚያየው፣ ቁጥሩን ብቻ ከሚያነብ ሰው የተለየ ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ ማን ተጠየቀ፣ ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ የሚል ጉዳይ አለ፤ የእኔም ሙግት በዚሁ ላይ ነው።

ሴቶችን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው 321 ሰዎች ከመቶ 83ቱ ወንዶች ነበሩ። በሌላው ዓለም በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል አይሰፋም፤ አጥኚዎቹም ነገሩ ከንክኗቸው ብዙ ተወያይተውበታል። እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ግን ስንት ቤት ገብቻለሁ። የታመመ ወንድ መንገድ ላይ ይታያል፣ ገበያ ይረብሻል፣ ሊቀመንበሩ ያውቀዋል፣ የእድር ዳኛው ያውቀዋል። «በመንደሩ የታመመ ሰው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። የታመመች ሴት ጓዳ ናት። እንሰቱን እየፋቀች፣ ውኃ እየቀዳች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ውላ ታድራለች። ያላገባች ከሆነች ቤተሰቧ ስለ ጋብቻዋ ሲል ይደብቃታል፤ ያገባች ከሆነች ባሏ ወደ እናቷ ቤት ይመልሳታል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቤት መዝገብ ላይ በትክክል አትገኝም። አንድ ቤት ሦስት ልጆች ብቻ እንዳሉ ነግረውኝ ስጽፍ ከመጋረጃው ጀርባ አራተኛዋ ስታስል ሰምቻለሁ። እናትየው ዓይኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። «እሷ እንግዳ ናት» አለችኝ። የእንግዳ ረድፍ በቅጹ ላይ አለ፤ እንግዳ ግን አይጠየቅም።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። የ1998ቱ ቆጠራ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነበር የጠየቀው። ምክንያት አለው፤ የስኪዞፍሬኒያ መነሻው ብዙ ጊዜ በወጣትነት ነው፣ ገንዘብም አይበቃም። ከዚያ በኋላ በሌሎች አስተባባሪዎች የሠራሁባቸው አንዳንድ ጥናቶችም የዕድሜ ጣሪያ ነበራቸው። አንድ ቀን አንዲት እማማ ምራታቸውን ስጠይቅ አጠገባችን ተቀምጠው እያንዳንዱን ጥያቄ ይሰሙ ነበር። እንቅልፍ ስለ ማጣት፣ ምግብ ስለ መጥላት፣ ተስፋ ስለ መቁረጥ። ምራትየዋ ሁሉንም «የለም» አለች። ስጨርስ እማማ «ልጄ፣ እኔንስ አትጠይቂኝም? ያልሽው ሁሉ እኔ ዘንድ አለ» አሉኝ። ታብሌቱ ዕድሜያቸውን ስነግረው ቅጹን ዘጋብኝ። በቃል ጠየቅኋቸው፤ ልጃቸው በስደት መንገድ ላይ ጠፍቶባቸው ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ወረቀት ጻፍኩላቸው። የእሳቸው መልስ ግን የትም ቁጥር ውስጥ አልገባም።

ቋንቋው ደግሞ አለ። ቡታጅራ ከተማ አማርኛ ይበቃል። ወጣ ሲሉ ግን መስቃንኛ ነው፣ ስልጥኛ ነው፣ ማረቆ በኩል ደግሞ ሊቢዶ ነው። ወንዶቹ በገበያና በሥራ አማርኛ ይለምዳሉ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ያመጡታል፤ ያልለመዱት ያገቡና ያረጁ ሴቶች ናቸው። እኔ መስቃንኛና ስልጥኛ ስለምችል ነው በየጥናቱ የምቀጠረው፤ መጠይቁ ግን በአማርኛ ነው የሚታተመው፣ ሥልጠናውም በአማርኛ ነው። የማልችለው ቋንቋ ሲሆን ምን ይደረጋል? ከቤቱ ልጅ ይጠራል።

የድብርት መለኪያው ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ሁሉም «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ብሎ ይጀምራል። ዘጠነኛው መሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቁ እንደሆነ፣ ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው ያውቁ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ማረቆ ገጠር አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ለአያቱ ሲያስተረጉምልኝ ስምንቱን ጥሩ አድርጎ አለፈ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ደግሜ ነገርኩት። «ይህንን አልጠይቃትም» አለኝ፤ እውነቱን ነው። እንኳን እሱ፣ እኔም ጠያቂዋ ባልሆን እወድ ነበር። አያትየዋስ ብትጠየቅ ለልጅ ልጇ ምን ብላ ትመልስ? ተቆጣጣሪዬ በኋላ «ያልተሟላ ቅጽ» ብሎ ምልክት አደረገበት። ሲተነተን ያልተሟሉ ቅጾች ይወጣሉ። እንዲህ እየሆነ አማርኛ የማትችል ሴት ከጥናቱ ትወጣለች፤ ከዚያም ውጤቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ «የአካባቢው ሕዝብ» ይባልበታል። ከሰፈሩ አንዲት ጎልማሳ ሴት በቀን አበል ብትቀጠር ይህ ሁሉ አይመጣም። ሐሳቡን ባቀረብኩ ቁጥር የሚመለስልኝ መልስ ሥልጠና የላትም የሚል ነው። የስድስተኛ ክፍሉ ልጅ የት ሠለጠነ?

ስለ ጣት አሻራ ብዙ አልጽፍም። መጻፍ የማይችል ሰው በስምምነት ቅጹ ላይ አሻራውን ያደርጋል። በገጠር አሻራ የሚፈለገው ስለ መሬት ነው፤ ስለዚህ ሰዉ ጥቁሩን ቀለም ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። ይህንን የማያውቅ አስተባባሪ ስንት ሰው «ፈቃደኛ አልሆነም» ብሎ እንደመዘገበ ፈጣሪ ይወቀው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ እዚያ ደስ የሚል ነገርም አለ። ለረጅም ጊዜ የእኛ አካባቢ ሕመምተኛ የሚታየው በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ነበር፤ ለብዙ ገጠር ይህም ሩቅ ነው። ከዚያ ጥያቄ ተነሣ፤ ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ፣ በአጭር ሥልጠና በተዘጋጁ ተራ የጤና ባለሙያዎች ቢታይስ? ሕመምተኞቹ በዕጣ ተከፍለው እዚሁ ተሞከረና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። በጤና ጣቢያ የታዩት ሆስፒታል ከታዩት አልከፉም። በጉራጌ ባለው ሶዶ ወረዳም የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ይዘው ጤና ጣቢያዎቹ የአእምሮ ሕክምናን ከሌላው ሕክምና ጋር መስጠት ጀመሩ። ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው «በቂ ሥልጠና የሌለው ሰው ያክማቸዋል፤ ለድሃ የድሃ ሕክምና» ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ አላየውም። ከማረቆ ገጠር ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛ ብቻውን አይሄድም። ወንድሙ ወይም እናቱ አብረው ይሄዳሉ። የሁለት ሰው ሚኒባስ ነው፣ የሁለት ሰው ምሳ ነው፣ የሁለት ሰው የእርሻ ቀን ነው። በየወሩ ለአንድ መርፌ። በበርበሬ ለቀማ ሰሞን ቀጠሮ የሚያመልጣቸው ስንፍና ይዟቸው አይደለም።

ጤና ጣቢያው ሲቀርብ ይህ ይቃለላል፤ መድኃኒቱ ካለ። መድኃኒቱ ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ ግዛ ይባላል፣ ፋርማሲው ደግሞ ከተማ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ለብዙዎችም ደርሷል። ነገር ግን መድኑ የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። አባቱ ከቤት ያስወጣው፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያድር ሰው የማን ቤተሰብ ላይ ይመዝገብ? መክፈል ለማይችሉ በነፃ የሚሰጥ ካርድ አለ፤ እሱንም ቀበሌው ነው የሚመርጠው፣ ቀበሌው የሚመርጠው ደግሞ ቤት ያለውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጎዳና በሚኖሩ 217 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከመቶ 41ዱ ሳይኮሲስ የሚባለው፣ ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ፣ ስኪዞፍሬኒያን የመሰለ ከባድ ሕመም ያለባቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ቤት ለቤት እየዞርን ብንጠይቅ እነዚህን ሰዎች የምናገኛቸው የትኛውን በር አንኳኩተን ነው?

ሰንሰለቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የታሰረ ሰው ያለበት ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ውጭ ያለ ሰው ይህንን ሲሰማ ቤተሰቡን አውሬ ያደርገዋል። እኔ ያየኋት እናት ቁልፉን በአንገቷ ክር አንጠልጥላ ነው የምትውለው፤ ሌሊት እየተነሣች የልጇን እግር ከሰንሰለቱ በታች በቅቤ ታሸዋለች። ፈትታው ስትሄድ ጎረቤት ይደበድበዋል፣ ወይም ዋናው መንገድ ላይ መኪና ይገጨዋል። ስለ ሰብአዊ መብት አስተምሯት ብሎ ሰው መላክ ቀላል ነው። ሶዶ ላይ 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች የተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣ ሌላ ሙከራ ነበር። የሕክምና ትምህርት የሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ወደ ሕመምተኛው ቤት ይመላለሳሉ፤ መድኃኒቱን ይዞ እንዲቀጥል ያግዙታል፣ ከቤተሰቡ ያስታርቁታል፣ እድር ያነጋግራሉ፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይረዱታል። ከመድኃኒት ብቻ ይልቅ ይህ ሲጨመር ሰዎቹ የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የተሻለ አቅም አገኙ። ለእኔ የዚህ ሥራ ቁም ነገር ሐኪሙ ከሚጠብቅበት ክፍል ወጥቶ እናትየዋ ጋ የሚሄድ ሰው መኖሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውጤቱ ይቀርባል፤ ሆቴል ውስጥ። አንድ ጊዜ ከመረጃ ሰብሳቢዎች ተመርጬ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ ሥዕላዊ መግለጫው በእንግሊዝኛ ይታያል፣ ንግግሩም በእንግሊዝኛ ነው። ከኋላ ወንበር ሁለት ሕመምተኞችና አንድ አስታማሚ ተጋብዘው ተቀምጠዋል። በአገራችን የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው የሚናገሩበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ የእኛዎቹ እንግዶች ግን የተሰጣቸው ተራ ለምስክርነት ነበር። አንደኛው፣ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከልክ በላይ የሚያወጣና የሚያወርድ ሕመም ያለበት ልብስ ሰፊ፣ ማይክሮፎኑን ይዞ «እኔ ስለ ሕመሜ እንድናገር ተጠራሁ። ስለ ሕመሜ ከእኔ የሰማችሁትን እናንተው ጽፋችሁታል። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ ሚቀጥለው ጥናት ነው፤ ምን እንደምትጠይቁ አሁን ንገሩኝ» አለ። አዳራሹ ሣቀ፣ አጨበጨበለት፤ ሰብሳቢው አመስግኖ ወደ ሻይ ዕረፍት ወሰደን። አበሉ ሲከፈል የሁለቱ ሕመምተኞች ከሌላው ተሳታፊ ያነሰ ነበር፤ «ባለሙያ አይደሉም» ተብሎ። ልብስ ሰፊው ፊርማውን አኑሮ ገንዘቡን ሲቆጥር «ለእኔ ሕመም ከእኔ በላይ ባለሙያ ማን ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ የምመልስለት አልነበረኝም፤ ዛሬም ቢሆን በእሱ ወገን ነኝ።

ስለ እኛስ? በየመጽሔቱ መጨረሻ ላይ መረጃ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን የሚል አንድ መስመር አለ። ሰው ሲያነብልኝ ደስ ይለኛል፣ ውሸት አልናገርም።

ለተማሪዋ የምመልስላት እንግዲህ ይህ ነው። ፍትሐዊነት የሚባለውን ነገር እኔ የማገኘው በመመሪያ መግቢያ ላይ ሳይሆን በቅጹ ሁለተኛ ገጽ ነው፤ የዕድሜው መስመር፣ የቋንቋው መስመር፣ «እንግዳ» የሚለው ረድፍ፣ የትራንስፖርት ክፍያው ሠንጠረዥ። እዚያ ላይ የሚወስነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማረቆን አይቶ አያውቅም።

በዚህ ወር አዲስ ጥናት ይጀመራል። አስተባባሪዋ ደግ ሰው ናት፤ ረቂቅ መጠይቁን ከመታተሙ በፊት ለእኛ ልካልን አስተያየት ጠየቀች፤ እኔ ባለሁበት ጥናት ይህ የተለመደ አይደለም። እኔ አራት ነገር ጻፍኩ። የዕድሜው ጣሪያ ተነሥቷል። በየቀበሌው አንዲት አስተርጓሚ ሴት እንድትቀጠር ተፈቅዷል፤ ልጅ እንዳያስተረጉም ደግሞ በመመሪያው ተጽፏል። ልብስ ሰፊው በአማካሪ ቡድኑ ውስጥ ገብቷል፣ አበሉም ከሌሎቹ እኩል ነው። አራተኛው፣ ሕመምተኛውን ይዞ ለሚመጣው ሰው የትራንስፖርት ገንዘብ ይከፈል ያልኩት፣ በጀቱ ስለተዘጋ አልተቻለም ተብሏል። ለጋሾቹ ጋ ደብዳቤ እንደምትጽፍ ነግራኛለች። ሥልጠናው ሰኞ ነው፤ እስከዚያ መልስ ካልመጣ ሥልጠናው ላይ ደግሜ አነሣዋለሁ።